የመጀመሪያ ጉዞ በልክ ይሁን

ብስክሌት መንዳት የተማረ ወጣት ብዙ ሳይቆይ አንድ ምኞት ያድርበታል። ይኸውም ሠፈሩንና ከተማውን ወደ ኋላ ትቶ፣ በገዛ እግሩ ኃይል እየተጓዘ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በመኪና መስኮት ብቻ ያየውን አገር ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ምኞቱ መልካም ነው፤ ሊበረታታም ይገባዋል። ችግሩ ያለው ምኞቱ በሚፈጸምበት አኳኋን ላይ ነው። ጀማሪው ብስክሌተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ሌሎች የት ደርሰዋል?» ብሎ እንጂ «እኔ ምን ያህል እችላለሁ?» ብሎ አይደለም። የአስፋልቱን ልስላሴ ያያል እንጂ በላዩ ላይ የሚከንፉትን መኪናዎች አይቆጥርም። ቁልቁለቱን ሲወርድ ደስ ይለዋል እንጂ ያው ቁልቁለት በመልስ ጉዞ ዳገት እንደሚሆን አያስብም።

በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው የብስክሌት ጉዞ አጭር፣ ዳገቱ የቀለለና በተቻለ መጠን የሞተር ተሽከርካሪ በማይመላለስበት መንገድ ላይ የሚደረግ መሆን አለበት። ልኩም መወሰን ያለበት ከተጓዦቹ መካከል በበረታው ሳይሆን ከሁሉም በደከመው ሰው አቅም ነው። ይህን የምለው ወጣቶችን ከጀብዱ ለማስቀረት አይደለም። በልክ የተጀመረ ጉዞ ሌላ ጉዞ ስለሚወልድ፣ ከልክ በላይ የተጀመረ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያም የመጨረሻም ሆኖ ስለሚቀር ነው።

ሐሳቤን ለማስረዳት የሚዛን ተፈሪን፣ የቴፒንና የዙሪያቸውን የቡና አገር በምሳሌነት እወስዳለሁ። ዛሬ ከአማን ጋር አንድ ከተማ ሆና ሚዛን አማን የምትባለው ሚዛን ተፈሪ በኮረብታዎችና በሸለቆዎች መካከል የተመሠረተች ናት። ከጅማ የሚነሣው አውራ ጎዳና በቦንጋ በኩል አልፎ ይደርስባታል። ከእርስዋም ተነሥቶ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ የሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በዚህ አገር ሜዳማ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። መንገዱ ወይ ይወጣል፣ ወይ ይወርዳል፣ ወይም ይጠመዘዛል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በብስክሌት ብዛት የታወቁት ነዋሪዎቻቸው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ብርቱዎች ስለሆኑ አይደለም፤ በሐይቅ ዳር በተንጣለለ ሜዳ ላይ ስለተቆረቆሩ ጭምር ነው። እንግዲህ የደቡብ ምዕራብ ጀማሪ ብስክሌተኛ ከባሕር ዳሩ ይልቅ መንገዱን አጥርቶ መምረጥ ይጠበቅበታል ማለት ነው።

አስፋልት ወደዚህ አገር መምጣቱ ትልቅ ጥቅም አስገኝቷል። ቡናው በጊዜው ገበያ ይደርሳል፤ ሕመምተኛው ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይቀርባል፤ ተማሪውም በክረምት ጭቃ አይታገትም። ይሁን እንጂ መንገዱ ሲለሰልስ ፍጥነቱም አብሮ ጨምሯል። ቀድሞ በጉድጓድና በጭቃ ምክንያት እያዘገመ ይሄድ የነበረው የጭነት መኪና ዛሬ ጠመዝማዛውን በፍጥነት ያልፈዋል። አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ በጠባቡ መንገድ ላይ ሲሽቀዳደሙ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚተርፈው የመንገዱ ጠርዝ ብቻ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ያው ጠርዝ ሸክም በያዙ ሰዎችና በሚነዱ ከብቶች ይሞላል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ለሞት ከሚዳርጉት ምክንያቶች ሁሉ የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘው ይኸው አደጋ ነው። ከሟቾቹም መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ብስክሌት ተጓዦች ናቸው። በፊዚክስ ትምህርታችሁ እንደምታውቁት የአንድ አካል ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የእንቅስቃሴ ጉልበቱ አራት እጥፍ ያድጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሚሄደው ይልቅ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ የከፋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ከኋላው የሚመጣውን መኪና ድምፅ እየሰማ መሪውን ሳያወዛውዝ ጠርዙን ይዞ መሄድ ይችላል። ጀማሪው ግን ድምፁን ሲሰማ ዞር ብሎ ያያል፤ ዞር ሲል ደግሞ መሪው አብሮት ይዞራል። ስለሆነም አውራ ጎዳና የጀማሪ መለማመጃ ሊሆን አይገባውም።

ከዚህ ከሚታየው አደጋ ሌላ የማይታይ ጉዳት አለ፤ እርሱም ተስፋ መቁረጥ ነው። ገና ብስክሌት የለመደ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ረጅም መንገድ ይወጣል እንበል። የበረቱት ቀድመው ይሄዳሉ፤ እርሱ ብቻውን ወደ ኋላ ይቀራል። ውሃው ያልቃል፤ ጭኑ ይዝላል፤ ጓደኞቹ በደረሱበት ቦታ አርፈው ሲጠብቁት ይቆዩና እርሱ ሲደርስ እነርሱ ዐርፈው ስለ ጨረሱ ወዲያው ይነሣሉ። ከሁሉ ይበልጥ የደከመው ሰው ከሁሉ ያነሰ ዕረፍት ያገኛል ማለት ነው። ይህ ልጅ አካሉ ሳይጎዳ ወደ ቤቱ ቢመለስም «ብስክሌት ለእኔ አልተፈጠረም» የሚል ፍርድ በራሱ ላይ ፈርዶ ይመለሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት እንዲህ ላለው ጉዞ የተነገረ ይመስላል፤ ልዩነቱ የፈሰሰው ነገር የልጅ ድፍረት ሲሆን መልሶ ለመልቀም የሚያዳግት መሆኑ ነው።

ይህን ችግር አስቀድመው የተገነዘቡ ሰዎች በልዩ ልዩ አገሮች መፍትሔ ሲፈልጉ ኖረዋል። ከእነዚህም መካከል የእንግሊዝ አገር ምሳሌ ትምህርት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት የብሪታንያ መንግሥት ገቢያቸው ወጪያቸውን አይሸፍንም ያላቸውን ብዙ የባቡር መስመሮች ዘግቶ ነበር። ሐዲዱ ከተነሣ በኋላ ባዶ የቀረው መንገድ በቁጥቋጦ ተዋጠ። እ.ኤ.አ. በ1977 በብሪስቶል ከተማ የተሰባሰቡ የብስክሌት ወዳጆች ግን በዚህ ጠፍ መንገድ ላይ ሌላ ጥቅም አዩ። ከ1979 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት ውስጥ ብዙ በጎ ፈቃደኞች አካፋና ዶማ ይዘው በመሳተፍ ከብሪስቶል እስከ ባዝ ከተማ ድረስ የሚደርሰውን አሮጌ የባቡር መስመር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አደረጉት። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አሮጌ የባቡር መንገድ ለጀማሪ የሚስማማበትን ምክንያት መመርመር ተገቢ ነው። የባቡር ጎማ ብረት ነው፤ የሚሽከረከረውም በብረት ላይ ነው። ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት አይችልም። ስለዚህ የጥንቶቹ መሐንዲሶች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ደልድለው፣ አስፈላጊ በሆነበትም ቦታ ተራራውን ፈልፍለው ዋሻ በማውጣት መንገዱ ቀስ እያለ ብቻ ከፍና ዝቅ እንዲል አድርገዋል። ለባቡር የተደከመው ድካም ሁሉ ዛሬ ለልጆች፣ ለአረጋውያንና ለጀማሪዎች ጥቅም ሰጠ። በዚያ አገር የመጀመሪያ ጉዞውን የሚያቅድ ሰው መኪና እንደማይገባበት፣ ዳገቱም እንደማያደክመው ዐውቆ ይነሣል። በሁለቱም ጫፍ የሚሠራ የባቡር ጣቢያ ስላለ ቢደክመው በባቡር ሊመለስ ይችላል።

ከዚህ ምሳሌ የምንማረው «እንግሊዞች ሐዲድ ነበራቸው፤ እኛ ግን የለንም» በማለት መቆጨትን አይደለም። በእርግጥ ወደ ሚዛንና ወደ ቴፒ ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። ትምህርቱ ሌላ ነው። ብሪስቶሎች ያደረጉት ነገር ቢኖር ሌላው እንደ ጠፍ የቆጠረውን መንገድ ለደካማው ሰው በሚሰጠው ጥቅም መመዘን ነው። በዚያው ሚዛን ዙሪያችንን ብንመለከት እኛም መንገድ አናጣም።

በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ከአውራ ጎዳናው የሚገነጠሉ ብዙ የጠጠርና የአፈር መንገዶች አሉ። ከፊሎቹ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚያስገቡ ናቸው። ከፊሎቹ ደግሞ በትልልቆቹ የቡና እርሻዎች ውስጥ ምርት ለማጓጓዝ የተሠሩ ናቸው። ከሚዛን ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የበበቃ የቡና እርሻ ወደ 10,000 ሔክታር የሚጠጋ ስፋት አለው። በቴፒም እንዲሁ ሰፊ የቡና እርሻ ይገኛል። በእነዚህ ስፍራዎች ቡናው በረጃጅም የጥላ ዛፎች ሥር ስለሚበቅል መንገዱ ከፀሐይ የተከለለ ነው። የሚያልፈውም ተሽከርካሪ ከአውራ ጎዳናው ጋር ሲወዳደር ጥቂት ነው። ከቡናው ጋር ኮረሪማው፣ ቁንዶ በርበሬውና ሙዙ ይታያል። የአገሩን ተክል በመጽሐፍ ብቻ ለሚያጠና ተማሪ እንዲህ ያለው መንገድ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው።

ይሁን እንጂ ጸጥ ያለ መንገድ ሁሉ ለመጀመሪያ ጉዞ ይስማማል ማለት አይደለም። አንደኛ፣ መንገዱ የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የእርሻ መንገድ ባለቤት ስላለው ያለ ፈቃድ አይገባበትም። በዩኔስኮ የተመዘገቡት የካፋና የሸካ ጥብቅ ደኖችም የሚጠበቁበት ሥርዓት አላቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሁለተኛው ደግሞ በ2012 የተመዘገቡት ለሰው ልጅ ሁሉ ጥቅም ስለሆነ ማንም እንደ ፈለገ ጥሶ የሚገባባቸው አይደሉም። ሁለተኛ፣ መንገዱን አስቀድሞ በእግር ሄዶ ማየት ይገባል። በብስክሌት ሲያልፉት የማይታይ ጉድጓድና የላላ ጠጠር በእግር ለሚሄድ ሰው ይታየዋል። ሦስተኛ፣ ዳገቱ በየትኛው የጉዞው ክፍል ላይ እንደሚገኝ መለየት ያሻል።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ በሚዛን አካባቢ ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በበቃ ከሚዛን በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይገኛል። ጠዋት ከሚዛን ተነሥቶ ወደዚያ የሚወርድ ብስክሌተኛ ፔዳሉን ብዙም ሳይመታ ይደርሳል። ኃይሉ በደከመበት፣ ፀሐዩም በበረታበት ሰዓት ግን ያንኑ ሁሉ ዳገት መውጣት ይኖርበታል። እንደ ብሪስቶሉ መንገድ የሚመልሰው ባቡር የለውም። ስለሆነም ጀማሪ ሊከተለው የሚገባው ደንብ ይህ ነው፦ የሚቻል ከሆነ በመሄጃ ውጡ፤ በመመለሻ ውረዱ። ይህ ካልተቻለ ጉዞውን አሳጥሩ። የበበቃን መንገዶች ማየት የሚፈልግ ጀማሪም ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ እስከዚያ ወስዶ እዚያው ሜዳማውን ክፍል ቢዞር ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

አሁን ነገሩን በተግባር እንመልከተው። ድርሰት ከመጻፋችሁ በፊት አስተዋጽኦ እንደምታዘጋጁ ሁሉ ጉዞም አስተዋጽኦ ይሻል። አምስት ተማሪዎች በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት አንድ ጉዞ አሰቡ እንበል። ሦስቱ የራሳቸው ብስክሌት አላቸው፤ ሁለቱ ይከራያሉ። ከመካከላቸው አንደኛው ብስክሌት ከለመደ ገና አንድ ወር ሆኖታል፤ የተከራየውም ብስክሌት ማርሽ የለውም። እንግዲህ የዕቅዱ መነሻ ይህ ልጅ ነው። ጓደኞቹ ከሳምንት በፊት ከእርሱ ጋር ሆነው በጠጠር መንገድ ላይ ለአንድ ሰዓት ይለማመዳሉ፤ የሄደውንም ርቀት ይለካሉ። 8 ኪሎ ሜትር ከሄደ የቡድኑ ሁሉ ፍጥነት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው። የሌሎቹ ፍጥነት በስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ሒሳብ ነው። ደርሶ መልሱ 16 ኪሎ ሜትር ቢሆን ለመንዳት ብቻ 2 ሰዓት ያስፈልጋል። ለዕረፍትና ለመመልከት 1 ሰዓት፣ ጎማ ቢፈነዳ ለመጠገኛ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሲጨመርበት ጠቅላላው 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሣ ቡድን 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቱ ይደርሳል። ፀሐዩ ሳይጠና፣ የከሰዓት በኋላው ዝናብም ሳይመጣ ጉዞው ተፈጸመ ማለት ነው። በተለይ በቴፒና በሌሎቹ ቆላማ ስፍራዎች ወባ ስላለ ጉዞው ወደ ምሽት እንዳይገፋ መጠንቀቅ ይገባል።

የዓመቱም ወቅት መመረጥ አለበት። ደቡብ ምዕራብ ከአገራችን ክፍሎች ሁሉ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ነው። ዝናቡም በክረምት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መጸው ይዘልቃል። ቀይ አፈሩ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ጎማው ላይ እየተጣበቀም ብስክሌቱን አላንቀሳቅስ ይላል። የሚሻለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወራት ነው። የቡና ለቀማ በሚበረታበት ጊዜ ግን ምርት የሚያመላልሱ መኪናዎችና ትራክተሮች በእርሻው መንገድ ላይ ስለሚበዙ የትኞቹ መንገዶች ነፃ እንደሆኑ አስቀድሞ የእርሻውን ኃላፊዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብስክሌቱም እንደ ተጓዡ ይመረመራል። ሁለቱም ፍሬኖች መያዛቸውን፣ ሰንሰለቱ አለመላላቱን፣ ጎማው በሚገባ መነፋቱን፣ መሪውና ኮርቻው መጥበቃቸውን ከዋዜማው ማየት ይገባል። በቡና እርሻ መካከል ጎሚስታ አይገኝም። ስለሆነም ለቡድኑ አንድ የጎማ መንፊያ፣ መለጠፊያ ጎማ ከነማስቲሹ፣ ኪያቬና ካቻቢቴ ይያዛል፤ ቢያንስ ከቡድኑ ሁለቱ መጠቀም የሚያውቁ ሊሆኑ ይገባል። የራስ ቁር የሚገኝ ከሆነ ሊታለፍ አይገባም። ለስንቅ ቆሎና ሙዝ ይበቃል። ውሃ ግን ከቤት መያዝ አለበት፤ የምንጭ ውሃ ስለጠራ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለምና። የት እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱም ለወላጆቻቸው ነግረው ይነሣሉ።

በጉዞው ላይ ሁለት ደንቦች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው፣ ማንም ብቻውን ወደ ኋላ አይቀርም። ረጋ ያለው ልጅ ከፊት ይመራል፤ ጀማሪው ሁለተኛ ሆኖ ይከተላል፤ ከሁሉ የበረታው ደግሞ ከመጨረሻ ይሄዳል። ብርቱ ሰው በመጨረሻ መሄዱ ውርደት አይደለም፤ እረኛም ከመንጋው ኋላ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ደንብ የመመለሻ ሰዓት ከቤት ሳይወጣ መወሰኑ ነው። ያ ሰዓት ሲደርስ ወይም የውሃው እኩሌታ ሲያልቅ የታሰበው ቦታ ባይደረስም እንኳ ፊት ወደ ቤት ይዞራል። በመንገድ ላይ ሳሉ የሚደረግ ውሳኔ በጉጉትና በእልህ የተሞላ ስለሚሆን አይታመንም።

ከዚህም በላይ ጸጥ ያለው መንገድ ባዶ መንገድ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። ቡና ለቃሚዋ ቅርጫቷን ተሸክማ፣ አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሕፃናቱም ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚጠቀሙበት ይህንኑ መንገድ ነው። መኪና በአውራ ጎዳናው ላይ ብስክሌተኛውን እንደሚያስፈራ ሁሉ ብስክሌተኛውም በጠባቡ መንገድ ላይ እግረኛውን ያስፈራል። ስለዚህ በሰው አጠገብ ሲያልፉ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከሩቅ ደወል ማሰማት፣ ሽማግሌ ሲያጋጥም ወርዶ ሰላምታ መስጠት፣ በተሰጣ ቡናም ላይ አለመሄድ ተገቢ ነው። ከጉልበተኛው ምሕረት የሚጠብቅ ሰው ከእርሱ ለሚደክመው ምሕረት ማድረግ አለበት።

በዚህ አስተያየት የማይስማሙ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አንዳንዶች «ይህ የባለጸጋ አገር ቅንጦት ነው፤ በእኛ አገር ብስክሌት የሥራ መሣሪያ እንጂ የሽርሽር አይደለም» ይሉ ይሆናል። ብስክሌት የሥራ መሣሪያ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በመዝናኛ ጉዞ ላይ ፍሬን መያዝን፣ መንገድ መምረጥንና አቅምን ማወቅን የተማረ ልጅ ነገ በዚያው ብስክሌት ወደ ትምህርት ቤትም ሆነ ወደ ሥራ በሰላም ይሄዳል። ደግሞም ከላይ የተዘረዘረው ዕቅድ ከጥቂት ገንዘብና ከብዙ ማሰብ በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም።

ሌሎች ደግሞ «ጀግና ሩቅ ይሄዳል፤ 16 ኪሎ ሜትርማ የሕፃን ጉዞ ነው» ይላሉ። ለእነዚህ የምሰጠው መልስ ከራሳችን የብስክሌት ታሪክ የተገኘ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ውድድር ስትካፈል ካሰለፈቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እንዲህ ያለ ደረጃ ላይ የሚደርስ ብስክሌተኛ ርቀቱን ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሠለጥናል እንጂ በአንድ ቀን ዘሎ አይደርስበትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውም ለዚህ ነው። ርቀት በልምምድ ይጨመራል፤ የተሰበረ አጥንትና የተሰበረ ልብ ግን ቶሎ አይጠገንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ብስክሌት የወንድ ልጅ ነው» የሚለው ነው። ይህ አባባል ምክንያት የሌለው ልማድ ነው። በዚህ አገር ውሃና እንጨት ተሸክመው ረጅም መንገድ በእግራቸው የሚመላለሱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ርቀት የሚያቀርበውን መሣሪያ ርቀት ከሚያደክማቸው መከልከል ፍትሕ አይደለም። አንዲት ልጃገረድ በአውራ ጎዳና ላይ በመኪናና በአላፊ አግዳሚው አፍ መካከል ሆና ብስክሌት መልመድ ቢከብዳት አያስደንቅም። ጸጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ከጓደኞቿ ጋር፣ በአቅሟ ልክ ስትጀምር ግን ከማንም የምታንስበት ምክንያት የለም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት የተጓዡን ኃላፊነት ነው። ይሁን እንጂ ሁሉንም ሸክም በልጆች ትከሻ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» የተባለው ከተሽከርካሪ ነፃ የሆነ ቀን መከበር ጀምሮ ነበር። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ሐሳቡ መልካም ነው። በእኔ እምነት ግን እንደ ሚዛንና ቴፒ ያሉ ከተሞች ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አዲስ መንገድ እስኪሠራላቸው መጠበቅ የለባቸውም። ያሉትን የእግርና የጠጠር መንገዶች ሳይታጠሩና ሳይታረሱ ማቆየት፣ ወንዝ በሚያቋርጡበት ቦታ ትንሽ ድልድይ መሥራት፣ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት አንዱን መንገድ ለተማሪዎች መልቀቅ ለመነሻ ይበቃል። የቡና እርሻዎችም የታወቀ ሰዓት ወስነው ለትምህርት ቤቶች በራቸውን ቢከፍቱ የሚያተርፉት የአካባቢውን ልጆች ወዳጅነት ነው።

እናንተም ተማሪዎች የዚህ ሐሳብ ተቀባዮች ብቻ አትሁኑ። የሠፈራችሁን ጸጥ ያሉ መንገዶች በእግራችሁ ዙሩ፤ ርዝመታቸውን፣ ዳገታቸውንና የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ብዛት መዝግቡ፤ ካርታቸውንም ሥላችሁ በትምህርት ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ጀማሪ የት መጀመር እንዳለበት ከዚያ ያነባል። የመጀመሪያ ጉዟችሁንም ስታስቡ ምን ያህል እንደምትርቁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከእናንተ ጋር የሚሄደው ደካማ ማን እንደሆነ ጠይቁ። እርሱ በሰላም ሄዶ በሰላም ከተመለሰና በማግሥቱ «ሁለተኛው ጉዞ መቼ ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ መንገዱ ምንም ያህል ቢያጥር፣ ጉዟችሁ የተሳካ ነበር።